በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተወለደው ዐውደ ርእይ

ዛሬ ዐውደ ርእይ ሲባል በብዙ ሰው ኅሊና የሚሣለው ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ ከጣራው የሚወርድ የኤሌክትሪክ ብርሃን፣ በደጅም ቆሞ የመግቢያ ወረቀት የሚቀበል ዘበኛ ነው፤ ነገር ግን የሥዕልን ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚመረምር ሰው፣ ሠዓልያን የእጃቸውን ሥራ ለሕዝብ ሁሉ ገልጠው ማሳየትን የለመዱት በነገሥታት እልፍኝ ወይም በመኳንንት አዳራሽ ሳይሆን፣ በዓል በሚከበርበት ቀን፣ ካህኑና ተማሪው፣ ባለጸጋውና ነዳዩ፣ አገሬውና መጻተኛው እርስ በርሱ ተጋፍቶ በሚያልፍበት በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደ ነበረ ያገኛል። የዚህ ልማድ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ተጽፎ የሚገኘው በኢጣልያ ከተሞች፣ ይልቁንም በሮማ ስለ ሆነ፣ ነገሬ የሚያዘነብለው ወደዚያ ነው፤ ዓመታቱንም የአገሩን ታሪክ ተከትዬ በአውሮጳውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መለየት ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ሥዕል ሁሉ ለዐውደ ርእይ የቀረበ ሥዕል አይደለም። ካህኑ የሚያጥነው፣ ምእመኑ የሚሳለመውና የሚማጠነው ሥዕለ አድኅኖ ቦታው የጸና፣ አገልግሎቱም የታወቀ ነው፤ ማን ሣለው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ጠይቆም ባያገኝ አያዝንም። ለዐውደ ርእይ የሚቀርበው ሥዕል ግን ለአንድ ቀን ወይም ለጥቂት ቀናት ተሰቅሎ፣ የሠዓሊውን ጥበብ ለተመልካች ፍርድ አቅርቦ፣ በመጨረሻ ወደ ባለቤቱ ቤት ወይም ወደ ገዢው እጅ የሚሄድ ነው። የፊተኛው ጸሎትን ይጠይቃል፣ የኋለኛው ማስተዋልን። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ቅጽር ውስጥ፣ አንዱ በመቅደሱ አንዱ በደጀ ሰላሙ፣ ሳይጋጩ ለብዙ ዘመን አብረው መኖራቸው ነው ለእኔ የዚህን ታሪክ ነገር ሊጻፍ የሚገባው አድርጎ ያሳየኝ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ በእርግጥ ከገበያ ጋር የተቀላቀለ ነበር። በፍላንድር አገር በአንትወርፕ ከተማ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪዎች በ1460 ፓንድ የተባለውን፣ ዙሪያውን በዓምዶች የተከበበ ግቢ አሠርተው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚቆመው ታላቅ ገበያ ለሠዓልያን፣ ለቀራፅያንና ለመጻሕፍት ሻጮች መደቡን እያከራዩ፣ የኪራዩን ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያኑ ጥቅም አደረጉት። ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ ከዚያ ገብቶ፣ ያዘዘውን ሳይሆን የተሣለውን አይቶ፣ መርጦ ይገዛ ነበር፤ ይህም ለሠዓሊው አዲስ ነገር ነበረ፤ ከዚያ በፊት ሠዓሊ የሚሥለው ያዘዘው ጌታ የወደደውን ነበርና። ፓንዱ 100 ዓመት ያህል ከኖረ በኋላ ንግዱ ወደ ከተማው የነጋዴዎች አዳራሽ ተዛውሮ ተዘጋ። ገበያ ግን ገበያ ነው፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ከዚያ የሚቆይበት ምክንያት የለውም። ለድኻው ዓይን ጭምር የተከፈተው ዐውደ ርእይ የተወለደው በሮማ ነው።

በሮማ ከተማ ፓንቴዎን የሚባለው ሕንጻ አስቀድሞ የአማልክት ቤት ነበረ፤ ንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስ በ2ኛው መቶ ዓመት እንደ ገና ያሳነጸው ሲሆን፣ የጉልላቱ ስፋትና ከመሬት እስከ ጫፉ ያለው ቁመት እኩል፣ እያንዳንዱ 43 ሜትር ያህል ነው፤ ብርሃን የሚገባበትም በጉልላቱ አናት ላይ ክፍት ሆኖ በቀረው ክብ መስኮት ነው። በ609 ንጉሠ ነገሥት ፎቃስ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለራብዓዊ ቦኒፋስዮስ ሰጥቶት በእመቤታችንና በሰማዕታት ስም ተቀድሶ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ለለመደ ለኢትዮጵያዊ ዓይን ይህ ሕንጻ ፈጽሞ እንግዳ አይመስልም። በፊቱ ከግብጽ አገር በመጣ የግራናይት ድንጋይ የተፈለፈሉ፣ አንድ ወጥ የሆኑ 16 ዓምዶች የተሸከሙት ሰፊ ደጀ ሰላም አለው፤ ዝናብም ፀሐይም የማያገኘው፣ ከአደባባዩ ጋር ግን ያለ በር ያለ ቁልፍ የተገናኘ ስፍራ ነው። ታላቁ ሠዓሊ ራፋኤል በ1520 ባረፈ ጊዜ በኑዛዜው መሠረት የተቀበረው በዚህ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ፣ ሠዓልያን ስፍራውን እንደ አባት መቃብር ያከብሩት ጀመር።

ራፋኤል ካረፈ ከ22 ዓመት በኋላ ከዚያው ቤተ ክርስቲያን ካህናት አንዱ የሆነው፣ ዴሲዴሪዮ ዳጁቶሪዮ የተባለው መነኩሴ፣ ከቅድስት አገር አፈር አምጥቶ በጸራቢው በቅዱስ ዮሴፍ ስም በተሰየመ የጸሎት ክፍል ካኖረ በኋላ፣ በእጃቸው ጥበብ የሚኖሩትን ሰብስቦ ማኅበር መሠረተ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሣልሳዊ ጳውሎስም በ1542 በጥቅምት ወር ማኅበሩን አጸደቀለት። ይህ የቅዱስ ዮሴፍ ማኅበር፣ ኋላም የፓንቴዎን ጠቢባን ማኅበር የተባለው፣ የእኛን አገር የጽዋ ማኅበር ለሚያውቅ ሰው ብዙ መግለጫ አያሻውም፤ የሚዘከር ቅዱስ፣ የተወሰነ ዕለት፣ አባላቱ በሕይወትም በሞትም የሚተሳሰቡበት ሥርዐት ያለው አንድነት ነበረ። ልዩ የሚያደርገው ሐናፂውን አንቶንዮ ዳ ሳንጋሎን የመሰሉ የዘመኑ ታላላቅ ባለጥበቦች ከመጀመሪያዎቹ አባላት መካከል መቈጠራቸውና፣ ለደጋፊ ቅዱሳቸው የእጅ ሥራ ሠሪ የነበረውን ጸራቢውን ዮሴፍን መምረጣቸው ነው።

በምዕራባውያን ሥርዐት የቅዱስ ዮሴፍ በዓል መጋቢት 19 ቀን ይውላል። ማኅበርተኞቹ በዚያ ዕለት ደጀ ሰላሙን ለማስጌጥ ሥዕሎቻቸውን በዓምዶቹ መካከልና በግድግዳው ላይ ይሰቅሉ ጀመር፤ በ17ኛው መቶ ዓመትም ይህ የበዓል ማስጌጥ ከማስጌጥነት አልፎ በከተማው ሁሉ የሚጠበቅ የሥዕል ፍርድ ቀን ሆነ። ማንም በደጀ ሰላሙ ቢያልፍ የሚከለክለው አልነበረም፤ ሊቅ ቢሆን ይመረምራል፣ ማይም ቢሆን ይደነቃል፣ ሠዓሊውም ከዓምድ ኋላ ቆሞ ሁለቱንም ይሰማል። እኔ በሥዕል ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ቤት አላውቅም።

በዚህ ደጀ ሰላም ከተሰቀሉት ሁሉ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው በ1650 መጋቢት 19 ቀን የቀረበው ሥዕል ነው። የእስጳንያው ንጉሥ ቤተኛ ሠዓሊ ዲየጎ ቬላስኬስ ለንጉሡ ጥንታውያን ሐውልቶችንና ሥዕሎችን ሊገዛ ወደ ሮማ መጥቶ ሳለ፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት የማኅበሩ አባል ሆኖ ነበርና፣ በዓሉ ሲደርስ ከእርሱ ጋር የመጣውን የባሪያውን የሁዋን ደ ፓሬኻን መልክ ሥሎ አቀረበ። ፓሬኻ በእስጳንያ አገር በአንቴኬራ የተወለደ፣ ከዘሩ የአፍሪቃ ደም ያለበት፣ ለጌታው ቀለም የሚፈጭና ሸራ የሚወጥር ሰው ነበረ። በሥዕሉ ላይ ግን የባሪያ ምልክት አይታይበትም፤ ክንዱን በደረቱ ላይ አድርጎ፣ ሰፊ ነጭ ክፈፍ ባለው ልብስ ተጎናጽፎ፣ ተመልካቹን ዓይን ለዓይን የሚያይ ክቡር ሰው ነው። የቬላስኬስን ሕይወት የጻፈው ፓሎሚኖ እንደሚተርከው፣ በዚያ ቀን በሮማ የነበሩ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሠዓልያን ከበው አይተው፣ ሌላው ሁሉ ሥዕል ነው፣ ይህ ብቻ ግን እውነት ነው ብለው ፈረዱ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ቬላስኬስ ለፓሬኻ የነጻነት ደብዳቤ ጻፈለት፤ አራት ዓመት ተጨማሪ እንዲያገለግል የሚል ቃል ቢኖርበትም፣ ከዚያ በኋላ ፓሬኻ ራሱን የቻለ ሠዓሊ ሆነ፤ በ1661 የሣለው የማቴዎስ መጠራት ዛሬ በማድሪድ በፕራዶ ቤተ መዘክር ይገኛል።

ሥዕሉ በፓንቴዎን ደጅ ስለ ተሰቀለ ፓሬኻ ነጻ ወጣ ለማለት አልደፍርም፤ ሁለቱን ነገሮች የሚያያይዝ ሰነድ የለምና። ነገር ግን ባሪያ የተባለ ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ካርዲናሎችና መሳፍንት በሚያልፉበት፣ መልኩ እንደ ጌታ መልክ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ፣ የከተማው ሁሉ ምስክርነት እውነት ነው ያለለት መሆኑ፣ ለዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ይኸው ሥዕል በ1970 በለንደን በሐራጅ ሲሸጥ ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቶ፣ በሐራጅ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የተሸጠ የመጀመሪያው ሥዕል ሆነ፤ አሁን በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ነው። በመጋቢት 19 ቀን 1650 ግን ለማየት የተከፈለ ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ወገኖቻችን ጥቂት ብናገር ከነገሬ የወጣሁ አይመስለኝም። በዚያ ዘመን በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ የኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ የሆነ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነበረ። የሠዓልያኑን ማኅበር ያጸደቀው ሣልሳዊ ጳውሎስ፣ በዚሁ ገዳም ይኖር ለነበረው ለአባ ተስፋ ጽዮን ደጋፊው ነበርና፣ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቹ ጋር በ1548 እና በ1549 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በማተሚያ ያሳተመው በእርሱ ዘመነ ጵጵስና ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመኑ ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር በዚያው ገዳም የተገናኘው በ1649፣ የፓሬኻ ሥዕል በፓንቴዎን ሊሰቀል አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። አንዱ ጥቁር ሰው በደጀ ሰላም ተሥሎ ሲመሰገን፣ ሌላው በዚያው ዘመን ለአውሮጳ ሊቅ የግዕዝንና የአማርኛን ቋንቋ ያስተምር እንደ ነበረ ማሰብ ለእኔ ዘወትር ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

ከፓንቴዎን ሌላ በሮማ ሁለተኛው ስፍራ የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት የተቈረጠበት መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ያን ቤተ ክርስቲያን የያዘው በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሮማ የሚኖሩ ፍሎሬንሳውያን የመሠረቱት ማኅበር ሲሆን፣ ግብሩ ሞት የተፈረደባቸውን ሰዎች በመጨረሻው ሌሊታቸው ማጽናናት፣ እስከ መስቀያውም ድረስ አብሮ መሄድ ነበረ፤ ማኅበርተኞቹም የክርስቶስን ሕማማትና የሰማዕታትን ገድል የያዙ ትንንሽ የእንጨት ሥዕሎች ይዘው፣ የሚሞተው ሰው ሌላ ነገር እንዳያይ በፊቱ ያነሡለት ነበር። ታላቁ ሚኬላንጄሎ ከዚህ ማኅበር አባላት አንዱ ነበረ። ሥዕል ለሰው የመጨረሻ እይታው እንዲሆን ያደረገ ማኅበር ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሥዕልን ክብር ያውቃል ብዬ አምናለሁ። በዓላቸው በምዕራባውያን ሥርዐት ነሐሴ 29 ቀን ይውላል፤ በእኛ ስንክሳር መስከረም 2 ቀን የሚታሰበው ነው። በዚያ ዕለት ማኅበሩ ከተፈረደባቸው አንዱን በምሕረት የማስፈታት ሥልጣን ነበረው፤ በዚያው ዕለት የግቢው ግድግዳ በሥዕል ይሸፈን ነበር።

በዚህ ስፍራ ግን አንድ ልዩነት መጣ። በየዓመቱ በዓሉን የሚያዘጋጀው ከታላላቅ ቤተ ሰቦች አንዱ ስለ ነበረ፣ እያንዳንዱ ቤት ከፊተኛው ልቆ ለመታየት በአዳራሹ ያለውን፣ የቀደሙት ሊቃውንት የሣሉትን የከበረ ሥዕል ያወጣ ጀመር። በ1668 የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የታስዓዊ ቀሌምንጦስ ዘመዶች የሮስፒሊዮሲ ቤት በዓሉን ሲያዘጋጁ፣ የሮማ መሳፍንት ቤታቸውን አራቁተው፣ የስዊድን ንግሥት ክርስቲናም የራሷን ሀብት ጨምራ፣ የሙታን ሠዓልያን ሥራ ግቢውን ሞላው፤ ከሕያዋን መካከል ቦታ ያገኘ ሳልቫቶር ሮዛ ብቻ ነበረ ይባላል። እርሱም ንጉሥ ሳኦል ወደ ዓይንዶሯ መናፍስት ጠሪ ሄዶ የሳሙኤልን መንፈስ ሲያይ የሚያሳየውን፣ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ያለውን ሥዕል አቀረበ።

ይህ ሳልቫቶር ሮዛ ለዚህ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ምስክር የሚሆን ሰው ነው። የናፖሊ ተወላጅ ሆኖ፣ በሮማ ደጋፊ ሳይኖረው፣ ከነበልባል የጋለ ጠባይ ይዞ የመጣ ሰው ሲሆን፣ ስሙን ያወጣለት በመሳፍንት ቤት ደጅ መጥናት ሳይሆን በፓንቴዎን ደጀ ሰላም የሰቀላቸው ሥራዎቹ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ አዲስ ሥራ ይዞ መቅረብን ልማድ አደረገ፤ ሕዝብ የሚያየው ከሆነ ከአንድ ጌታ ትእዛዝ ነጻ እሆናለሁ ብሎ ያምን ነበርና። ይህ ነጻነት ዋጋም አስከፍሎታል፤ በ1659 ፎርቱና ብሎ የሰየመውን፣ ዕድል ሀብቷን ሁሉ ለማያውቁት እንስሳት ስታፈስስ የሚያሳየውን ሥዕል ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ፣ መኳንንቱ ስድቡ ለእኛ ነው ብለው ተቈጥተው ወደ ወህኒ ሊያወርዱት ጥቂት ሲቀራቸው፣ የዚያን ጊዜው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ወንድም አማልዶ አዳነው። ሥዕል በአደባባይ ሲሰቀል ቃል እንደሚሆን ያን ጊዜ ታወቀ።

ሦስተኛው ስፍራ ሳን ሳልቫቶሬ ኢን ላውሮ የሚባለው፣ ከማርኬ አውራጃ ወደ ሮማ የመጡ ሰዎች ማኅበር የያዘው ቤተ ክርስቲያን ነው። የእነርሱ በዓል ታኅሣሥ 10 ቀን፣ የሎሬቶ ቅድስት ቤት መታሰቢያ ነው፤ እንዲህ ስደተኞች ተሰብስበው የአገራቸውን ቅዱስ በሰው አገር ማክበራቸው ዛሬም በየባሕር ማዶው በስደት ላሉ ወገኖቻችን የታወቀ ነገር ነው። ከ1670ዎቹ ዓመታት ጀምሮ እስከ 18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሥዕሉን ነገር የሚመራው ሠዓሊው ጁዜፔ ጌትሲ ነበር፤ ከእርሱ የቀረው መዝገብ ይህን ተቋም በውስጡ እንድናየው አድርጎናል። ማን ስንት ሥዕል አበደረ፣ የትኛው በየትኛው ግድግዳ ተሰቀለ፣ ከባለቤቱ ቤት ማን አመጣው፣ ማን መለሰው፣ ይህን ሁሉ ጽፏል። በዓመት 200 ያህል ሥዕሎች ከሮማ ቤቶች ተለምነው፣ በሸክም መጥተው፣ በዓምዶች በተከበበው ግቢ ተሰቅለው፣ በወታደር ተጠብቀው፣ በዓሉ ሲያልፍ እያንዳንዱ ወደ ባለቤቱ ይመለስ ነበር። ዛሬ የቤተ መዘክር ሠራተኞች በብዙ ውልና በብዙ ማኅተም የሚሠሩትን፣ ጌትሲ በአንድ ደብተርና በሰው እምነት ሠራው።

የጌትሲን ትጋት አደንቃለሁ፤ ፍርዴን ግን አልሰውርም። ከመኳንንት ግምጃ ቤት የወጣ የሙታን ሥራ ግቢውን ሲሞላ፣ ሕያው ሠዓሊ ወደ ደጅ ተገፋ፤ በዓሉም የባለቤቱ ሀብት መታያ ወደ መሆን አዘነበለ። የፓንቴዎን ደጀ ሰላም ያልታወቀውን ሰው ስም አወጣ፤ የላውሮ ግቢ የታወቀውን ስም ደገመው።

የሕያዋንን ነገር ከሮማ ይልቅ ሌሎች ከተሞች ጠበቁት። በፍሎሬንሳ በኮዚሞ መስፍን ዘመን በ1563 የተቋቋመው የሠዓልያን ጉባኤ የራሱን የጸሎት ክፍል ያገኘው በቅድስት ብሥራት ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ያለው የብሥራተ ገብርኤል ሥዕል ነገር ለእኛ ቅርብ ነው፤ ሠዓሊው የእመቤታችንን ፊት መሣል አቅቶት ቢያንቀላፋ መልአክ ፈጸመለት ይባላል፤ በመጋረጃ ተሰውሮ ይኖርና ለከበረ በዓል ብቻ ይገለጣል። በመቅደሱ ውስጥ ሥዕለ አድኅኖው ተሸፍኖ ሳለ፣ በውጭ በገዳሙ ግቢ የጉባኤው አባላት በሠዓልያን ጠባቂ በቅዱስ ሉቃስ በዓል ሥራቸውን ይሰቅሉ ነበር፤ በ1706 ደግሞ የሥዕሎቹ ዝርዝር ከሠዓሊዎቹ ስም ጋር በማተሚያ ታትሞ ለተመልካች ተሰጠ። በቬኔስያም ከ1576ቱ ወረርሽኝ ወዲህ የከተማው መስፍን በየዓመቱ ነሐሴ 16 ቀን ወደ ቅዱስ ሮኮ ቤተ ክርስቲያን በሰልፍ ሲሄድ፣ ሠዓልያን በቤተ ክርስቲያኑና በቅዱሱ ስም በተጠራው ማኅበር አዳራሽ የውጭ ግድግዳ ላይ ሥዕሎቻቸውን ይሰቅሉ ነበር። ቲዬፖሎ በ1716፣ ገና የ20 ዓመት ልጅ ሳለ፣ የፈርዖንን ሠራዊት በኤርትራ ባሕር መስጠም ሥሎ በዚህ በዓል አሳይቶ ተመሰገነ፤ ካናሌቶም በ1725 ያሳየውን የከተማ ሥዕል የንጉሠ ነገሥቱ አምባሳደር ገዛው። ካናሌቶ ከዐሥር ዓመት በኋላ ያን በዓል ራሱን ሣለው፤ መስፍኑና ሹማምንቱ ጥላ ተዘርግቶላቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ፣ ከኋላቸው ግድግዳው በሥዕል ተሞልቶ ይታያል። ይህን ሥዕል በለንደን ብሔራዊ የሥዕል አዳራሽ ያየ ኢትዮጵያዊ ስለ ጥላውና ስለ ሰልፉ ብቻ እንኳ የንግሥ ቀን ሳያስበው አይቀርም።

በፓሪስም ቢሆን እንዲሁ ነው። ቅዱስ ቍርባን በሰልፍ በሚወጣበት በዓል በዶፊን አደባባይ ሰዉ ቤቱን በምንጣፍና በግምጃ ሲያስጌጥ፣ ወጣቶች ሠዓልያን በምንጣፉ ላይ ሥራቸውን ለጥቂት ሰዓት ይሰቅሉ ነበር፤ በ1728 ሻርዴን በዚያ ያሳየው ሥዕል፣ አንጀቱ ወጥቶ በኩሽና ግድግዳ የተሰቀለ ዓሣ የሚያሳየው፣ በዚያው ዓመት ለንጉሣዊው የሥዕል ጉባኤ አባልነት አበቃው።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ የሚነገር ነው። የፈረንሳይ ጉባኤ በ1667 የጀመረውና ከ1737 ወዲህ በሉቭር ቤተ መንግሥት እየተደጋገመ የተካሄደው ዐውደ ርእይ፣ በሮማም በ1734 ለሕዝብ የተከፈተው የካፒቶሊዮ ቤተ መዘክር፣ በየአገሩም የተነሡት ጉባኤያትና ቤተ መዘክሮች ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሥዕሉን ወሰዱት። ሥዕሉ ቋሚ ጣራ አገኘ፤ ዳኞች፣ መዝገብ፣ ሽልማት አገኘ። ያጣው ግን አለ። በለንደን ንጉሣዊው የጥበብ ጉባኤ በ1769 የመጀመሪያውን ዐውደ ርእይ ሲከፍት የመግቢያ ዋጋ አንድ ሺሊንግ አደረገ፤ ምክንያቱንም ሲገልጥ የማይገባቸው ሰዎች አዳራሹን እንዳይሞሉት ብሎ ጻፈ። የፓንቴዎን ደጀ ሰላም የማይገባ ሰው የሚባል አያውቅም ነበር፤ በር የለውምና።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለሥዕል ያደረገችውን ለመዘርዘር ሌላ መጽሐፍ ያሻል። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ የእመቤታችን ተአምር በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፣ ሥዕሏም እንዲከበር ሥርዐት ከሠሩ ወዲህ፣ ሠዓሊውን ለማኖር ከቤተ ክርስቲያን የቀደመ ተቋም አልነበረም፤ በዚያ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በጣና በዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕል ላይ ስሙ ይነበባል። ከቬኔስያ የመጣው ኒቆላዎስ ብራንካሌዎን በአገራችን ከ40 ዓመት በላይ ኖሮ ለቤተ ክርስቲያን ሥሏል። ቅዱስ ሉቃስ ሣላት የምትባለው፣ በሮማ በታላቋ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል አምሳያዋ ከ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ በሠዓሊዎቻችን እጅ ስንት ጊዜ እንደ ተደገመ የቆዩ አብያተ ክርስቲያናትን የጐበኘ ሁሉ ያውቃል። ሉቃስ የሠዓልያን አባት መሆኑን ፍሎሬንሳና ጎንደር በአንድ ቃል ይመሰክራሉ።

ሥዕልን በዘመናዊ መንገድ ለሕዝብ የማሳየት ሥርዐት ወደ አገራችን ሲገባ ግን በዚህ በር አልገባም። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1954 የመጀመሪያውን ዐውደ ርእዩን ያሳየው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነው፤ እርሱ ራሱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሥዕል የሣለ ሰው ሆኖ ሳለ። ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ወገን የተወለደው አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ትምህርቱን ጨርሶ ተመልሶ በ1950 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ካቋቋመ ወዲህ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታን የመሰሉ፣ አባታቸው በብራና ላይ የሚሥሉ ሊቅ የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ፣ ሥራቸውን የሚያሳዩት በአዳራሽ፣ በሆቴልና በውጭ አገር የባህል ተቋማት ሆነ። እነዚያን ተቋማት አላማም፤ በሩን ከፍተዋልና። ነገር ግን የባላገሩ ልጅ፣ ሥዕል የሚወደው የቆሎ ተማሪ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ለንግሥ የመጣችው እናት ወደዚያ አዳራሽ አይሄዱም፤ የሠዓሊውም ዓይን እነርሱን ሳያይ ይኖራል።

በአክሱም ጽዮን፣ በዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ በእንጦጦ ማርያም፣ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ የቆየው ንዋየ ቅድሳት፣ ዘውዱና ካባው፣ የብራናው መጽሐፍ ለጐብኚ እንዲታይ መደረጉ መልካም ነው፤ ይህ ግን የጌትሲ መንገድ ነው፤ የቀደሙትን ያሳያል። የጎደለን የፓንቴዎኑ መንገድ ነው። በንግሥ ቀን ወደ ማንኛውም ደብር ደጅ የሄደ ሰው የሚያየው፣ ከባዕድ አገር ሥዕል በማተሚያ ተባዝቶ፣ ቀለሙ ደምቆ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ የሚሸጥ የጌታችንና የእመቤታችን ምስል ነው፤ የዚያው ሰበካ ልጅ ግን እዚያው በአጥሩ ጥግ ቆሞ፣ በቤቱ የሣለውን ማንም ሳያይለት ይመለሳል።

ለቤተ መቅደስ የተቀደሰ ቦታ ላይ ያልተቀደሰ ሥዕል እንዴት ይሰቀላል ብሎ የሚሰጋ ካህን ሥጋቱ የተገባ ነው፤ መልሱን ግን ከሮማም ከፍሎሬንሳም ያገኘዋል፤ ሥዕለ አድኅኖው በመቅደስ በመጋረጃው ውስጥ ይቈያል፣ ለተመልካች የሚቀርበው በደጀ ሰላምና በግቢ ነው። የእኛ ቅጽር ደግሞ ለዚህ ከእነርሱ ይልቅ ሰፊ ነው፤ ዐውደ ምሕረቱ አለ፣ ዛፉ አለ፣ በበዓል ቀን ሳይጠራ የሚመጣ ሕዝብ አለ።

ስለዚህ የደብር አለቆች፣ ገበዞችና የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፤ በዓመት አንድ ቀን፣ ጥቅምት 22 ቀን በቅዱስ ሉቃስ በዓል፣ ከቅዳሴ በኋላ እስከ ማታ ድረስ፣ በሰበካችሁ ያሉ ሠዓልያን፣ የተማሩትም ያልተማሩትም፣ የሣሉትን ከቤተ መቅደሱ ውጭ በቅጽሩ ግድግዳ ላይ እንዲሰቅሉ ፍቀዱላቸው፤ ሕዝቡም ያለ ዋጋ ይይ፣ ይፍረድ። ሠዓሊው ሸራውንና ገመዱን ይዞ ይመጣል፤ ከደብሩ የሚፈለገው ግድግዳው ብቻ ነው።